በሩን ማን ከፈተው? ማንስ ውጭ ቀረ?
(የአርክቴክቸር ትምህርትና የመግቢያው ታሪክ በአገራችን)

በነፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር ተማሪዎች ሕንጻ ሲሠራ ሳናይ የዋልንበት ቀን የለም። ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከሣሪስ እስከ መካኒሳ፣ ከጎፋ እስከ ኃይሌ ጋርመንት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያልቆመበት፣ አሸዋና ጠጠር ያልተከመረበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ፌራዮው፣ የቀን ሠራተኛው ጎረቤታችን ነው። ብዙዎቻችን የእነሱ ልጆች፣ የእነሱ ወንድሞችና እህቶች ነን። ነገር ግን ያን ሁሉ ሲሚንቶና ብረት የት እንደሚቆም በወረቀት ላይ የሚወስነውን ሰው አናውቀውም። ማን ነው? የት ተማረ? ለመማርስ ምን ተጠየቀ?

ጥያቄው ለወሬ ያህል የቀረበ አይደለም። በየዓመቱ ከሰፈራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል «አርክቴክቸር ለመግባት ስንት ነጥብ ያስፈልጋል? ሥዕል መቻል ግድ ነው ወይ? አምስት ዓመት ሙሉ ምን ይማሩበታል?» እያሉ የሚጠይቁን አሉ። መልሳችን ብዙውን ጊዜ «እንደ ዓመቱ ነው» የሚል ሆኖ ይቀራል። እንደ ዓመቱ መሆኑ እውነት ነው። ለምን እንደ ዓመቱ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን ታሪኩን መመርመር አለበት። በዚህ ጽሑፍ የምናደርገው ይህንኑ ነው። የአርክቴክቸርና የንድፍ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ ሲቀበሉ የጠየቁትን ነገር ከዘመን ዘመን፣ ከተቋም ተቋም እያነጻጸርን እንሄዳለን። ዓመተ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. ካላልን በቀር በእኛው አቆጣጠር ነው።

1. ከኮሌጅ በፊት

አገራችን የሕንጻ ጥበብ ድሃ ሆና አታውቅም። አክሱም ሐውልቱን ያቆመው፣ ላሊበላ ዓለቱን የፈለፈለው፣ ጎንደር ግንቡን የገነባው ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖሯል። የዚያን ጊዜው የመግቢያ ፈተና ትውልድና ዝምድና ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከባለሙያ ቤት የተወለደ ገባ፤ ያልተወለደ ቀረ።

ግን አንድ ነገር እናስተውል። የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ማን ሠራቸው ብንል ትውፊቱ መላእክት እንደረዱ ይነግረናል። ንጉሡን እናውቃለን፤ መላእክቱንም እናውቃለን። መዶሻ የያዘውን ሰው ስም ግን አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ በተቆረቆረችው ጎንደርም ቢሆን ብዙ የግንበኝነትና የአናጢነት ሥራ የሠሩት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሙያቸው ሲፈለግ ይጠራሉ፤ ርስት ሲታደል ይረሳሉ። አንጥረኛው «ቡዳ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ፋቂው «ፋቂ» እየተባለ ሲሰደብ በኖረበት ኅብረተሰብ ውስጥ የእጅ ሥራ ክብር አልነበረውም። ይህ ንቀት በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ጠፋ ወይ? ወይስ ልብሱን ለውጦ አብሮ ገባ? ጥያቄውን እንያዘው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ትልልቆቹን ሕንጻዎች የነደፉት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን፣ የሕንድ ግንበኞች፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ያሠራው ኢጣሊያዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚጠቀሱ ናቸው። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ዝነኛው ሌ ኮርቡዚየ ከተማይቱን ሳያያት ባዶ መሬት የሆነች ይመስል አዲስ ፕላን ነድፎላት ነበር። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት የኢጣሊያ አርክቴክቶች ደግሞ የነጩን ሰፈር ከሀገሬው ሰፈር የሚለይ ፕላን አወጡ። ከነጻነት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የከተማውን ማስተር ፕላን አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽና በኋላም የማዘጋጃ ቤቱን ሕንጻ የነደፈው ኢጣሊያዊው አርቱሮ መዜዲሚ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ከተማችን ሌሎች የሚነድፏት፣ እኛ ድንጋይ የምናቀብልባት ከተማ ነበረች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአገር ውስጥ የሚማሩበት በር አልነበረም።

2. የስዊድኖቹ ኮሌጅ

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ነው። የምሕንድስና ኮሌጁ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። የሕንጻን ነገር ለብቻው ይዞ የተነሣው ግን እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ልደታ አካባቢ የተከለው ይህ ትምህርት ቤት ዛሬም ድረስ በሕዝብ አፍ «ሕንጻ ኮሌጅ» ይባላል። ከጀሞ በሳር ቤት አድርጎ ሜክሲኮ የሚደርስ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ከወረደበት በእግሩ ይደርስበታል።

ይህ ኮሌጅ ያወጣቸው የነበሩት የሕንጻ መሐንዲሶችን ነው። የዛሬውን አጠራር ይዘን «አርክቴክት ነበሩ ወይስ ሲቪል መሐንዲስ?» ብንል መልሱ ሁለቱንም የሚነካ ነው። የሚነድፉ፣ የሚያሰሉ፣ የሚያሠሩም ሰዎች ነበሩ። የኮሌጁ ትልቅ ቁም ነገር የአገሩን የሕንጻ ዕቃ ጉዳዬ ብሎ መያዙ ነበር። የዕቃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቋቋመ፤ በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ ቤት ጥናት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ በስዊድን ርዳታ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የመሥራት ትልቅ ዘመቻ ተካሂዷል። ከእኛ ወላጆች ውስጥ በእነዚያ ክፍሎች ፊደል የቆጠሩ ይኖራሉ።

የመግቢያው በርስ? ጠባብ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ፣ በእንግሊዝኛ የሚማር፣ በሒሳብና በፊዚክስ የበረታ ወጣት ነበር የሚፈለገው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠር ነበርና ማጣሪያው የጀመረው ኮሌጁ በር ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። አዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ሐረርና ጥቂት ሌሎች ከተሞች ውስጥ ያልተማረ ልጅ ለውድድሩ እንኳ አልደረሰም።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ሕንጻ ኮሌጁ ከአባላቱ አንዱ ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል የሚያስገድደው ደንብ ወጣ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ስለዚህ ደንብ ብዙ ተከራክረውበታል። ለሕንጻ ተማሪ ግን ያ ዓመት ከሥዕል ሰሌዳው ተነሥቶ ሰው ወደሚኖርበት ቤት የሚወስድ መንገድ እንደነበር መካድ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሕንጻ ኮሌጁና የምሕንድስና ኮሌጁ ተዋህደው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሆኑ። አምስት ኪሎ ያለው ሰሜን ግቢ፣ ልደታ ያለው ደቡብ ግቢ ተባለ። አርክቴክቸርም ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል የሆነው በዚሁ ጊዜ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ አንድ ለውጥ ሳይስተዋል ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ፊት ለፊት የሚያንኳኳው የአርክቴክቸር በር መሆኑ ቀረ። መጀመሪያ የቴክኖሎጂ ተማሪ ይሆናል፤ ከዚያ በውጤቱና በምርጫው ይደለደላል። አርክቴክት ለመሆን የመጣውና ሌላ ቦታ ስላልደረሰው የመጣው አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመሩ።

3. በእርሳስ የሚከፈተው በር

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ በር አለን። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በመሥራቹ ስም የሚጠራው ይህ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲቀበል የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበር፤ «እስቲ ሣል!» የሚል። ወረቀትና እርሳስ ይሰጥሃል፤ ከፊትህ የተቀመጠውን ዕቃ ወይም ሰው ትሥላለህ። እጅህና ዓይንህ ይፈተናሉ።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የንድፍ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንዱ «ሒሳብና ፊዚክስህን አሳየኝ» ይላል፤ ሌላው «እጅህን አሳየኝ» ይላል። አርክቴክቸር ደግሞ ከሁለቱም መሀል ያለ ሙያ ነው። ሒሳብ ሳይችሉ ጣራ ማቆም አይቻልም፤ ማየት ሳይችሉ ደግሞ የቆመው ጣራ ሥር ሰው እንዴት እንደሚኖር አይታወቅም። የአገራችን አርክቴክቸር ትምህርት ቤት በምሕንድስናው ወገን መወለዱ ብዙ ጠቅሞታል፤ ድልድይና ምሰሶ የሚያውቅ አርክቴክት አፍርቷል። ነገር ግን እጅና ዓይን በመግቢያው ላይ የሚገባቸውን ሚዛን ሳያገኙ ብዙ ዘመን አለፈ።

4. ማትሪክ፣ ዘመቻና ድልደላ

አብዮቱ ሲፈነዳ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ፤ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ተቋረጠ። በሐምሌ 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ይህ አዋጅ ለአርክቴክት የሥራውን ባለቤት ለወጠበት። ቤት አሠሪው ባለጸጋ ቀረና መንግሥት፣ ቀበሌና የቤት ማኅበር መጡ። አንድ ፕላን ለብዙ ቤት መባዛት ጀመረ። ብዙ ወጣቶችም በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ እየሄዱ አርክቴክቸር ተምረው ተመለሱ።

በነዚያ ዓመታት ሁሉ አገሪቱን የሚያጣራት አንድ ወንፊት ነበር፤ እሱም ማትሪክ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት በነጥብ ይሰላል፤ አራት ነጥብ ያመጣ እንደ ጀግና ይታያል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዛሬም «ማትሪክ ስንት አመጣህ?» ሲባባሉ እንሰማለን። ለጥቂት ሺህ ወንበር ነበር ፉክክሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ እንኳ አገሪቱ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የነበሯት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወንፊቱን ወደ ታች አወረደው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ልጁ በአሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ወይ ወደ መሰናዶ ወይ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ጀመር። ማትሪክም በ1995 ዓ.ም. አበቃ። የኋለኛው በር ምን ማለት እንደነበር የሰፈራችን ሰው በደንብ ያውቀዋል። ቴክኒክና ሙያ የገባው ልጅ ድራፍቲንግ፣ ግንባታ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ ይማራል፤ ሥራ ያውቃል። ነገር ግን «ወደቀ» ተብሎ ነው የገባው። በመጀመሪያው ክፍል ያቆየነው ጥያቄ እዚህ ይመለሳል። እጁ የሚሠራ ልጅ ወድቆ የሚገባበት፣ ወረቀት የሚፈተን ልጅ አልፎ የሚገባበት ሥርዓት ከድሮው ንቀት በምን ይለያል? ስድቡ ቀረ እንጂ ደረጃው አልቀረም።

በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፈቱ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል አቋቋሙ። በሩ ሰፋ። ይህን ማመስገን ተገቢ ነው፤ የገጠር ልጅ፣ የሴት ተማሪ፣ የታዳጊ ክልል ልጅ ቁጥር የጨመረው በዚህ ነው። ግን ሲሰፋ ደግሞ ድልደላው ከበደ። የሚፈልገውን ሳይሆን የደረሰውን የሚማር ተማሪ በዛ። ከመካከላችን አርክቴክቸርን አምስተኛ ምርጫ አድርጎ ሞልቶ የደረሰው አለ፤ አንደኛ ምርጫው አድርጎ ሌላ ክፍል የተመደበም አለ።

5. ዛሬ በሮቹ ሲነጻጸሩ

አሁን ያሉትን መንገዶች በአጭሩ እናስቀምጥ። ለጠየቁን ወንድሞችና እህቶች ይጠቅማልና።

አንደኛው ልደታ ያለው ነባሩ ግቢ ነው። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በሚል ስም እንደገና ተደራጀ። ከአርክቴክቸር ሌላ የከተማና የክልል ፕላንን፣ የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንትን ያስተምራል። ተማሪው ከተፈጥሮ ሳይንስ የመጣ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከተባለ ወዲህ ከብሔራዊው ፈተና በላይ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል።

ሁለተኛው የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች መንገድ ነው። እነዚህም የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው፤ የሚፈለገው በሒሳብና በሳይንስ የላቀ ተማሪ ነው።

ሦስተኛው የክልል ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ተማሪው በትምህርት ሚኒስቴር ይመደባል፤ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ከዚያ በውጤቱ ክፍል ይመርጣል። የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ዕጣውን ይወስናል ማለት ነው። አርክቴክቸርን የሚፈልግ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ይኖርበታል።

አራተኛው የግሉ ነው። ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የግል ተቋማት አርክቴክቸር ያስተምራሉ። እዚያ ከፈተናው ሌላ ክፍያ የሚባል ሁለተኛ ፈተና አለ። ከአምስት ዓመት ያላነሰ ትምህርት፣ ከዚያ ላይ ላፕቶፕ፣ ካርቶን፣ ኅትመትና ሞዴል መሥሪያ ሲደመር ለግንበኛ ልጅ የሚቀመስ አይደለም።

አምስተኛው አርክቴክቸር ሳይሆን ንድፍን ለሚሻ ነው። የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት እጅን የሚፈትን ነው። ባሕር ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የልብስ ንድፍ ያስተምራል። ስድስተኛው በክፍለ ከተማችን ያለውን ነፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ጨምሮ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መንገድ ነው።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ብሔራዊው ፈተና ቆሟል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ኩረጃ መቆሙ መልካም ነው፤ ማንም አይቃወምም። ግን ቁጥሩ የነገረን ስለ ተማሪው ብቻ አይደለም። መምህር፣ መጽሐፍ፣ ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት በተማሪው ስም ተፈትኖ ወደቀ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና መጣ፤ ዛሬ በሩ ሲገቡም ሲወጡም የሚጠበቅ ሆኗል።

6. ሌሎች አገሮች ምን ጠየቁ?

ፓሪስ ያለው የቦዛር ትምህርት ቤት በውድድር ነበር የሚቀበለው፤ ሥዕልም ሒሳብም ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ1919 ቫይማር ላይ በዋልተር ግሮፒየስ የተቋቋመው ባውሃውስ ደግሞ ተማሪውን መጀመሪያ አስገብቶ መሠረታዊ በሚባለው ኮርስ እንጨት፣ ሸክላ፣ ጨርቅ፣ ቀለም እያስነካ ማን ለምን እንደሚሆን ያይ ነበር። ፈተናው ከበሩ ውጭ ሳይሆን ከበሩ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪው የሠራቸውን ሥዕሎችና ሞዴሎች ሰብስቦ እንዲያቀርብ ይጠይቃሉ፤ ትምህርቱና ልምምዱ ተደምሮ እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለአርክቴክቸር ብቻ የሚሰጥ አገር አቀፍ የተሰጥዖ ፈተና አላት። ሥዕልና የማየት ችሎታ ከሒሳብ ጋር አብረው ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮና የዓለም አርክቴክቶች ኅብረት ያወጡት ቻርተርም ትምህርቱ ከአምስት ዓመት እንዳያንስ ይላል።

ሁለት ምሳሌዎች ግን ከሁሉ በላይ ለእኛ ይቀርባሉ። አንዱ የአሜሪካው ቱስኪጊ ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁር ሕዝቦች ልጆች ጡቡን ራሳቸው እየጠበሱ፣ ግንቡን ራሳቸው እየገነቡ የተማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ብዙዎቹን ሕንጻዎች የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1892 ከኤም አይ ቲ የተመረቀው ጥቁር አሜሪካዊ ሮበርት ቴይለር ነበር። እዚያ አናጢነትና አርክቴክትነት አልተናናቁም።

ሌላው የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ ነው። ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ጀርመን የሄደው አናጢነት ሊማር ነበር። በማታ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃውን ጨርሶ በርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ልጆች ከአፈር ጡብ ትምህርት ቤት ሠራ፤ ሕንጻውም እ.ኤ.አ. በ2001 አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ትልቁ የአርክቴክቸር ሽልማት የሚባለውን ፕሪትዝከርን ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እስቲ እንጠይቅ። ኬሬ ጀሞ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አናጢ ነው፤ ቴክኒክና ሙያ ይገባል። ከዚያ ወዲያ? ከቴክኒክና ሙያ ወደ አርክቴክቸር የሚያሻግረው መንገድ ቀጭን ነው፤ በጣም ቀጭን። የፌራዮ ሥራ እየሠራ፣ ማታ እየተማረ አርክቴክት ለመሆን የሚመኝ ወጣት በዚህ ክፍለ ከተማ ውስጥ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው?

7. ነገሩ ለምን ይመለከተናል?

«የማን ልጅ ገባ የሚለው ምን ለውጥ ያመጣል? ዋናው ጎበዝ መሆኑ ነው» የሚል ጓደኛ ይኖራል። ክርክሩ ከባድ ነውና ልንሸሸው አንፈልግም። ጉብዝና ያስፈልጋል። ምሰሶውን በትክክል ያላሰላ አርክቴክት ሰው ይገድላል፤ በዚህ ርኅራኄ የለም። ጥያቄያችን ፈተና ይቅር የሚል አይደለም፤ ፈተናው ሙያው የሚፈልገውን ሁሉ ይለካ ወይ የሚል ነው።

የጀሞን ኮንዶሚኒየም እንመልከት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ጣራ ሰጥቷል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ግን እንጀራ የሚጋገርበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ በፕላኑ ላይ በቂ ሆኖ ነበር ወይ? ሰዉ በረንዳውን ሲዘጋ፣ ግድግዳ ሲያፈርስ፣ መሬት ያለው ነዋሪ ቤቱን ሱቅ ሲያደርግ የምናየው ፕላኑ ያልመለሰለትን ጥያቄ ራሱ ሲመልስ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቀላሉ የሚያየው በዚያ ኑሮ ያደገ ሰው ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ፣ የጭቃ ግድግዳ የለቀለቀ፣ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ዝናብ ያደመጠ ተማሪ ወደ ስቱዲዮ ይዞት የሚገባው ዕውቀት አለ። በነጥብ ግን አይቆጠርለትም።

ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በልደታው ግቢ ከስዊሱ ኢ ቲ ኤች ዙሪክ ጋር በመተባበር ከተጠቀጠቀ አፈር ባለ ፎቅ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። ጭቃን የንቀት ዕቃ አድርጎ ለቆየ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን የነደፉት የዚሁ ግቢ መምህር አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስም ስለ ከተማይቱ ጥንታዊ ቤቶች በመጻፍ ነባሩ የእንጨትና የጭቃ ሙያ መጠናት እንዳለበት አሳይተዋል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወደ ጭቃው የሚመለስ ዓይን ካለ፣ መግቢያው ላይም ጭቃውን የሚያውቅ እጅ ሊፈለግ ይገባል።

8. ምን ይደረግ?

የእኛ አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የአርክቴክቸር መግቢያ በሁለት ቁልፍ ይከፈት፤ አንዱ ሒሳብና ሳይንስ፣ ሌላው የማየት፣ የመሣልና በእጅ የመሥራት ችሎታ። ሁለተኛ፣ ከቴክኒክና ሙያ በግንባታና በድራፍቲንግ ጥሩ ሆነው ለወጡ ጥቂትም ቢሆን ወንበር ይመደብ፤ በሒሳብ ደካማ ከሆኑ ድጋፍ ይሰጣቸው። ሦስተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥዕል ክፍለ ጊዜ ይከበር። ሥዕል ያልተማረን ልጅ በሥዕል መፈተን ሌላ ግፍ ይሆናልና፤ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ብቻ የሚያልፍበት አዲስ ወንፊት እንዳይሆን ያስፈራል።

ይህን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ እኛ ልንጽፍና ልንከራከር እንችላለን። ዛሬውኑ በእጃችን ያለ ሥራ ግን አለ። በክፍለ ከተማችን የምንኖር የአርክቴክቸር፣ የምሕንድስናና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ብንመድብ፣ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ ማስጠናት፣ እርሳስ አያያዝ ማሳየት፣ ሰፈራቸውን እየለኩ ፕላን ማንሳት ልናስተምራቸው እንችላለን። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። አንድ አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ክፍል መጠየቅ አያቅትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የሚስማማ ስሙን ለዝግጅት ክፍሉ ይስጥ። የማይስማማም ተቃውሞውን ጽፎ ያምጣ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን። የሥዕል ፈተና ይጨመር ስንል ከተቃወማችሁን፣ «ታዲያ የአናጢው ልጅ በየት በኩል ይግባ?» ለሚለው ግን መልስ ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን።